ቀማሽ የጠፋበት ጾም

ስለ ምግብ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እጅ ነው። የእገሊት እጅ ይጣፍጣል፣ የእገሊት እጅ ይባረክ፣ ያቺኛዋ ደግሞ እጇን ምን እንደነካው እንጃ ምስር እንኳ ታበላሻለች ይባላል። ስለ ምላስ የሚያነሳ የለም። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን አንዲት ሴት ድስት አጠገብ ከምታጠፋው ጊዜ ሲሶውን መዳፏ ላይ ጠብ እያደረገች ስትልስ ነው የምታሳልፈው። ትቀምሳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ቁንጥር ጨው ትጥላለች፣ ደግማ ትቀምሳለች። ሙያ የምንለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው። ባለሙያ ነኝ የምትል ሴት ካለች አንድ ቀን ሳትቀምሺ አብስዪ በሏትና ጉዷን እዩት።

እኔን ይህን ያስተማረኝ ጾም ነው። እሱም በስተርጅና።

የምኖረው ሞያሌ ነው፣ በኬንያው በኩል። ቤታችን እዚህ አገር «ፕሎት» የሚሉት ዓይነት ግቢ ውስጥ ነው፤ አንድ የግቢ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ ሦስት ቤት። ቧንቧው ለጌጥ ነው፤ ውሃው በጀሪካን፣ በአህያ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ቤት እኔና ባለቤቴ አለን። አስካለ እባላለሁ፣ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችን። በሁለተኛው ሐዋ አለች፤ የወሎ ልጅ ናት፣ በስደት መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች ለሻይ ቤቶች የምታስረክብ። ባሏ ሞቷል፣ አንዱ ልጇ ከባድ መኪና እየነዳ ኢሲዮሎ ሲል ናይሮቢ ሲል በወር አንዴ ብቅ ይላል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል፤ ያልተጣላንበት ነገር የለም፣ ተጣልተን ያደርንበት ቀንም የለም። በሦስተኛው ቤት ማማ ዴኒስ አለች። ከታች አገር ናት፣ ከሜሩ፣ አስተማሪ ባሏን ተከትላ የመጣች፤ ዴኒስ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ሴት በልጇ ስም ስለምትጠራ እኔንም ማማ ቤቲ ትለኛለች። በምን ቋንቋ እንደምንግባባ አትጠይቁኝ። ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግማሹ ስዋሂሊ፣ ሲቸግር ኦሮምኛ። ስዋሂሊና አማርኛ በሌላ ባይስማሙ በሰዓት አቆጣጠር ይስማማሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነይ ስላት ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች።

ግቢያችን ጠጠርና ሲሚንቶ ስለሆነ የአትክልት ቦታችን ጆንያ ነው። ይህን ያመጣችው ማማ ዴኒስ ናት። ጆንያውን አፈርና የፍየል በጠጥ ትሞላዋለች፣ ውሃው እስከ ታች እንዲወርድ መሐሉ ላይ ጠጠር ትደረድራለች፣ ከዚያ ጎን ጎኑን በቢላ እየበሳች በየቀዳዳው ችግኝ ትሰካለች። መጀመሪያ ሳያት «ሰው ሥራ ሲፈታ» ብዬ በሆዴ ስቄባት ነበር። አሁን እኔ ራሴ አምስት ጆንያ አለኝ። ሁለቱ ሱኩማ ነው፣ ይኸው ኬንያዎች በየቀኑ የሚበሉት ጎመን፤ አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ቃሪያ፣ አምስተኛው ዘሩን ከወዲያ ማዶ ገበያ በመሐረቤ ቋጥሬ ያመጣሁት የሐበሻ ጎመን ነው። በሶብላና ጤና አዳም በቀለም ጣሳ ሆነው ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠጡት የዕቃ ማለቅለቂያ ውሃ ነው፤ በዚህ ከተማ ንጹሕ ውሃ ለጎመን የሚያጠጣ ሰው ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበታል።

ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ሐዋ ደጃፍ ሲዞር ሦስታችንም በርጩማችንን ይዘን እዚያ ነን። ሽንኩርት እንልጣለን፣ ቅጠል እንቀነጥሳለን፣ እንከራከራለን። ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። ማማ ዴኒስ ሱኩማውን እንደ ክር አቅጥና ትከትፈውና ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር አምስት ደቂቃ አገላብጣ ታወጣዋለች፤ አለቀ። አረንጓዴ እንደሆነ፣ ጥርስ ስር ቀጭ ቀጭ እያለ ይበላል። እኔ ደግሞ ጎመን ቀቅዬ ቀቅዬ ካላለሰለስኩት ጥሬ የበላሁ ይመስለኛል። «ማማ ቤቲ፣ ቫይታሚኑን ገደልሽው» ትለኛለች። «ጨጓራሽን እግዜር ይጠብቅልሽ» እላታለሁ። ሐዋ መሐል ትገባና ሁለታችንንም አላዋቂ ታደርገናለች። ጎመን ያለ ሥጋ ምኑም አይደለም፤ ዝንጅብሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ቃሪያው ተሰንጥቆ እንጂ ተከትፎ አይደለም። ለምን ስንላት «እናታችን እንደሱ ነበር የምታደርገው» ትላለች። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? እኛም ወደ ሽንኩርታችን እንመለሳለን።

ወደ ጾሙ ልምጣ። በግቢያችን ማንም ያልደነገገው፣ ከኑሮ የመጣ አንድ ሥርዓት ነበር። ረመዳን ሲገባ ሐዋ ቀኑን ሙሉ ምራቋን እየዋጠች ታበስላለች፣ መቅመስ አትችልም። ሼኩስ ለሚያበስል ሰው በምላስ ጫፍ ነካ አድርጎ መትፋት ይፈቀዳል ብለዋታል፤ እሷ ናት «ወላሂ ምላሴን አላምነውም፣ ከነካው አይለቀውም» የምትል። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «አስኩ!» ብላ ትጣራለች፣ እኔ ሄጄ ሾርባውንም ወጡንም እቀምሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ተራው የሷ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልልም። ባለቤቴ ግን ስኳር ስላለበት ንስሐ አባቱ ፈቅደውለት በስድስት ሰዓት ይበላል፤ የሱን ምሳ ሐዋ ትቀምስልኛለች።

በኋላ ላይ ደግሞ አንድ ደንብ ተጨመረበት፤ ጨው የምትጨምረው ቀማሽዋ ናት። የጾመ ሰው እጅ ጨው ላይ አይታመንማ፤ ሲርበው ያበዛል፣ ሲፈራ ያሳንሳል። አንድ ረመዳን እኔ ቀምሼ ጨምሬ፣ ሐዋም አልጨመረችም ብላ በላዩ ጨምራ፣ ያን ሁሉ ሾርባ ውሻ እንኳ አሽትቶት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የምታበስለዋ ጨው አትነካም። የጨው ጣሳው ከድስቱ ጎን ይቀመጣል፤ ቀማሽዋ መጥታ ትቀምሳለች፣ እንዳስፈላጊነቱ ትጨምራለች፣ ትሄዳለች። በዚህ ደንብ ስንት ዓመት በሰላም ኖርን።

እንዲህ ስንል ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተያይዘው መጡ። በቀናት ልዩነት እሷም ያዘች፣ እኔም ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐዋ እንደልማዷ ተጣራች፣ እኔም እንደልማዴ ማንኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ድስቱን ስከፍት ሥጋ ነው። እኔ ሐዋን አየኋት፣ ሐዋ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ሃያ ዓመት ሙሉ የተደጋገፍነው አንዳችን ስንጾም ሌላችን ስለምንበላ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባን። ከዚያ በኋላ እንደነገሩ ከረምን። ሐዋ ብቻዋን ስለሆነች በቴምርና በአጃ ሾርባ ታፈጥራለች፣ ከጎደለ እዚያው ሳህኗ ላይ ትነሰንሳለች። ባለቤቴም ምሳው ላይ ጨው ራሱ እየነሰነሰ ሲያጉረመርም ከረመ። እንግዳ ስለሌለ ጉዳችን አልወጣም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐዋ ስልኳን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰዓዳ ልትመጣ ነው» አለችኝ።

ሰዓዳ ታላቅ እህቷ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ተነጋግረው አያውቁም። እናታቸው ወሎ ሞታ ስትቀበር ሐዋ አልተገኘችም። አልተገኘችም ስል መሄድ አልቻለችም፤ ያኔ እጇ ላይ ያለው የስደተኛ ወረቀት ብቻ ነበር፣ በሱ ደግሞ ወደ ሸሹት አገር አይመለሱም። ሰዓዳ የወረቀት ነገር አልገባትም። «ሞያሌ ሆነሽ እግርሽን ብታነሺ ኢትዮጵያ ነው፤ ለእማዬ አንድ እርምጃ አቃተሽ?» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው። እንደተዘጋ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት። አሁን ነጋዴው ባሏ ከወዲያ ማዶ ሞያሌ ዕቃ ሊያራግፍ ሲመጣ አብራው ወርዳለች። መልእክቷ አጭር ነው፤ ሐሙስ ለማፍጠሪያ እመጣለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።

«አስኩ» አለች ሐዋ፣ «ይቺ ማታ ካመለጠችኝ እህት የለኝም።»

ምን እንደምታበስል መጠየቅም አላስፈለገኝ። እናታቸው ለዒድ የምትሠራላቸውን ጎመን በሥጋ ነው። ያውም በሐበሻ ጎመን፣ ያውም ገበያ ላይ ሲንከባለል ባልዋለ፣ ከአገዳው እንደተቀጠፈ በሚበስል ጎመን። በከተማው ውስጥ ያን ጊዜ፣ በዚያ ድርቅ፣ እንዲህ ያለ ጎመን የነበረው አምስተኛው ጆንያዬ ላይ ብቻ ነው። ለፋሲካ መግደፊያ አስቤ ውሃ ከአፌ እየነጠቅኩ ያሳደግኩት ነበር። «ውሰጂው» አልኳት። ስትቀጥፈው ቆሜ ማየት ግን አልቻልኩም፤ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

የቀረው የቀማሽ ነገር ነው። ሾርባው በሥጋ ነው፣ ሳምቡሳው በሥጋ ነው፣ ጎመኑ በሥጋ ነው፤ እኔ አልደርስበትም። ማማ ዴኒስ ግን አለች። ጴንጤ ናት፣ አትጾምም፣ ምላሷም ጤነኛ ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ረቡዕ ዕለት ጆንያዋን ስታጠጣ አገኘኋትና «ማማ ዴኒስ፣ ነገ የሐዋን ምግብ ትቀምሺላታለሽ፣ እኛ ሁለታችንም ጾመኞች ነን» አልኳት። «ሳዋ፣ ሳዋ!» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ደስ ብሏት ዓይኗ እንባ ሁሉ አቀረረ። ይቺ ሴት ለመቅመስ ምን ያስለቅሳታል ብዬ አልጠየቅኩም። ስለ ጨው ጣሳውም አልነገርኳትም። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ደንብ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ሐዋ ከጠዋት ጀምራ ስትንከወከው ዋለች። ጎመኑን ሦስት ጊዜ አጠበች። ሥጋውን ቆረጠች፣ ያልተስተካከለውን መልሳ ቆረጠች። ዝንጅብሉ ሲወቀጥ ግቢው በሙሉ ሸተተ፤ እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። ከዚያ ለራሴ የምስር ሳምቡሳ እንድጠብስ ሐዋ በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ዘይት ምድጃዋን ለቀቀችልኝ፤ ማታ አብሬያቸው እንድቀመጥ ፈልጋ ነው። ብቻዋን ሰዓዳን መጋፈጥ ፈርታለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማማ ዴኒስ መጣች። ታጥባ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ። ሐዋም ድስቱ ላይ አጎንብሳ ትቅመስ ማለት ለማማ ዴኒስ ክብር አልመጥን ብሏት በርጩማ አቀረበችላት፣ ከሦስቱም ዓይነት በሳህን አወጣችላት፣ የጨው ጣሳውንም ከጎኗ አኖረችላት። ማማ ዴኒስ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ከዚያ በላች። እኔ ሳምቡሳዬ እንዳያርብኝ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስለነበር የሰማሁት ድምጿን ብቻ ነው።

«ታሙ!» አለች። «ታሙ ሳና!» በጣም ይጣፍጣል ማለቷ ነው። ሳህኗን አሟጣ በልታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመስግና ሄደች። ሐዋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሰዓዳ ለማፍጠሪያ ሩብ ሰዓት ሲቀር ደረሰች። ረጅም ናት፣ ቁርጥ ሐዋን፣ ጥቂት የጠወለገች። አንድ ኪሎ ሙዝ በፌስታል ይዛለች፣ ሕመምተኛ ጠያቂ ይመስል። እህቷን በእጅ ጨበጠቻት። በእጅ! ሐዋ ለመሳም አንገቷን ዘርግታ ነበር፣ ቀስ ብላ መለሰችው። ከዚያ ተቀመጥን። መንገዱ እንዴት ነበር፣ ደህና ነበር። ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ይሞቃል። አዛኑ እስኪሰማ ሩብ ሰዓቱ አንድ ዓመት ሆነብኝ።

በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፣ ሰገዱ፣ ማዕዱ ቀረበ። ሰዓዳ ሾርባውን ቀመሰች። ሁለተኛ ማንኪያ ወሰደች። «ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ» አለች፣ ልክ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው። ጎመን በሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። «ይጣፍጣል።» ሐዋ ቆማ ታስተናግዳለች፤ እያየቻት ነው እንጂ ገና ምንም አልቀመሰችም። እኔም የራሴን ጨው ያለውን የምስር ሳምቡሳ እየበላሁ በሆዴ «እሰይ፣ ተዋጣልን» እላለሁ።

በመጨረሻ ሐዋ ተቀመጠችና አንድ ጉርሻ አፏ አደረገች። መንጋጋዋ እንደቆመ ቀረ። ዓይኗ ወደ ድስቱ ሄደ፣ ከድስቱ ወደ ጨው ጣሳው። ክዳኑ ከተገጠመበት ንቅንቅ አላለም። እኔም አየሁት። ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ያ ሁሉ ጎመኔ፣ አንዱም ጨው የሚባል አልነካውም!

ሰዓዳ እጇን ሰበሰበች። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ። መሸብኝ፣ ልሂድ» አለች።

ሐዋ ትደነግጣለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ሮጣ ጨው ታመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ተቆጣች።

«ጨው የለውም» አለች። «ሰዓዳ፣ ጨው የለውም! ለምን አትናገሪም?»

«ምን አገባኝ? እንግዳ ነኝ።»

«አንቺ? ልጅ ሆነን ጨው ባሳነስኩ ቁጥር ማንኪያውን ትወረውሪብኝ አልነበር? አሁን ይጣፍጣል ትይኛለሽ? ተሳደቢ! ወርውሪብኝ! እንደ ባዳ አትብዪልኝ!»

የሰዓዳ ግድብ ተናደ።

«አዎ የለውም!» ጮኸች። «ጨው የለውም! ጎመኑንም አስቀድመሽዋል፤ እማዬ ሥጋውን ነበር የምታስቀድመው፣ ረሳሽው! እማዬንም ረሳሻት! ሬሳዋ ቤት ውስጥ ተኝቶ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ትመጣለች አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ትመጣለች አልኩ። አልመጣሽም!»

እኔ በሰው ቤተሰብ ነገር ጥልቅ ማለት አልወድም፤ ማለቴ፣ እወዳለሁ፣ ግን ራሴን መግታት እችላለሁ። ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«እትዬ ሰዓዳ» አልኳት፣ «እዚች የተቀመጡባት ቦታ ላይ ነው ለቅሶ የተቀመጠችው። ሦስት ቀን። መጀመሪያ ድንበሩ ድረስ ሄዳ ወረቀትሽ አያሳልፍም ተብላ ተመልሳለች፤ በማግስቱም ሄዳለች፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ እዚህ መጥታ ብቻዋን ለቅሶ ተቀመጠች። ዘመድ የሚባል አልነበራትም። ያስተዛዘንናት እኔና የዚህ መንደር ሴቶች ነን። በስልክ ልትነግርዎት ስትል ዘጉባት።»

ሰዓዳ ወደ እህቷ ዞረች። «ድንበር ድረስ ሄደሽ ነበር?»

ሐዋ «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓዳ ተነሳች። ያን ጊዜ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ድስቱን በሁለት እጇ አነሳች። «ጨውሽ የቱ ነው?» አለች። ድስቱን መልሳ ጣደችው፣ ጣሳውን ከፈተች፣ ጨመረች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ደግማ ጨመረች። «ነይ እስቲ አንቺም ቅመሺ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ?» ብላ ተጣራች። ሐዋ ሄደች። ኩሽናው ውስጥ ሁለቱም እየተነፋረቁ ይህ ይበቃል አይበቃም ሲጨቃጨቁ ስሰማ ቀስ ብዬ በሩን ገፋ አድርጌ ወጣሁ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማማ ዴኒስን ልይዛት ደሜ ፈልቶ ሄድኩ። ጆንያዋ ላይ ትል ትለቅማለች። «ማማ ዴኒስ፣ ትናንትና ያ ምግብ ጨው እንደሌለው አላወቅሽም?» አልኳት።

«አወቅኩ እንጂ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ምንም ጨው የለውም ነበር። ፖሌ፣ ይቅርታ።»

«ታዲያ ታሙ ሳና ያልሽው ምን ሆነሽ ነው?»

ያኔ ቀና አለች። «ማማ ቤቲ፣ ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ያልጠጣች ሴት ሥጋ ሠርታ፣ ራሷ ሳትቀምስ፣ በሳህን አድርጋ፣ በርጩማ አቅርባ ለኔ ሰጠችኝ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም። እና ጨው ጎደለው ልበላት?»

«ጣሳው አጠገብሽ ነበር እኮ!»

«በሰው ኩሽና የሰው ጨው እነካለሁ?»

እኔ ያቀረብኩላት ሥራ መስሎኝ፣ እሷ ግብዣ ነው ብላ ቀሚሷን ቀይራ መጥታለች። ሰው አክብሮ ያበላህን ምግብ ማጣጣል በሷ አገር ነውር ነው፤ በኛም አገር ነውር ነው። እንዲያውም ሳስበው ያን ማታ ሰዓዳም መጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማማ ዴኒስ ጨዋ ጎረቤት ስለሆነች አልተናገረችም፤ ሰዓዳም ባዳ ልሆን ብላ ስለቆረጠች አልተናገረችም። ማማ ዴኒስ ጨው ብትጨምር ኖሮ ደግሞ ሰዓዳ በልታ፣ አመስግና፣ ሙዟን ትታ በሄደች ነበር። ይህን ስነግራት ማማ ዴኒስ ሥራዋን አሳምራ እንደሠራች ቆጥራው በጣም ደስ አላት።

ሰዓዳ ለአንድ ማታ መጥታ ዒድ ድረስ ተቀመጠች። ባሏ ዕቃውን አራግፎ ብቻውን ተመለሰ። ሁለቱ እህትማማቾች ቀን ቀን ሲጨቃጨቁ፣ ማታ ማታ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ሐዋም ፊቷ በርቷል። ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው።

ግን አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለባለቤቴ ምሳ ሱኩማ እየሠራሁ ሳለ ሰዓዳ ሰተት ብላ ኩሽናዬ ገባች። እትዬ እያልኩ በ«እርስዎ» የማነጋግራት ሴት ናት እንግዲህ። ድስቴን ከፈተች፣ አየች፣ በማማሰያው አነሳችና አሸተተች። «አስካለ፣ ይሄ ጎመን አርጅቷል። አገዳው እንጨት ሆኗል፤ በለጋው መቅጠፍ ነበረብሽ። ሽንኩርትሽም ገና ጥሬ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብላኝ ክዳኑን ገጥማ ወጣች።

በገዛ ቤቴ! ሠላሳ ዓመት ድስት የጣድኩ ሴት! ይቺን የመሰለች ደፋር አይቼ አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት፣ ሰላምታም ነሳኋት፤ ልብ ያለችም አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ሱኩማውን በለጋው ቀጠፍኩት። ሽንኩርቱንም እስኪቀላ አቆየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ስቀምሰው፣ ምን ላድርግ፣ ይጣፍጣል።